ይሉኝታ የጫነው ሚኒባስ

ወንድም ኦታ ፒንክስተን ሚኒባስ ሲነዳ አንገቱን እንደ ዶሮ ወደ ጎን ሰበር ማድረግ የጀመረው መቼ እንደሆነ አምስቱ ተሳፋሪዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እማማ ቨርኔል «ከፋሲካ በፊት ነው» ይላሉ። ሮስኮ «የጥጥ መዝሪያ ሰሞን ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። ሁለቱ የቲልማን እህትማማቾች በአንድ አፍ «ከፋሲካ በኋላ!» ይሉና ደግሞ አንዷ ሌላዋን «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ትላታለች። ክሎቲል ብቻ ስትጠየቅ ዝም ትላለች። እኔ ነገሩ በፈነዳበት ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ወጥ ቤት ውስጥ ማካሮኒ በአይብ ሳማስል ነበር፤ ግን ታሪኩን ከአምስቱም አፍ ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰላችሁ! አሁንማ የትኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደነበር ሁሉ ልነግራችሁ ምንም አይቀረኝ።

ኦታ የፔሪን ልጅ ነው። ፔሪን በአሜሪካ፣ በደቡብ ጆርጂያ ያለች፣ አንድ የትራፊክ መብራት፣ አንድ የለውዝ ፋብሪካና ሰባት ቤተ ክርስቲያን ያላት ከተማ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በለውዝ ፋብሪካው ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ዝምተኛ ነው። የገለዓድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ሆኖ ሳለ ሲጸልይ እንኳ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ሚስቱ ሎሬታ ታማ በተኛችበት ዓመት፣ በየካቲት ወር፣ ቤታቸው በኤሌክትሪክ ገመድ ምክንያት ተቃጠለ። እሷን ተሸክሞ ወጣ፤ ሌላ የወጣ ነገር የለም። ያኔ የገለዓድ ወንዶች በዘጠኝ ቅዳሜ ባለ ሦስት ክፍል ቤት አቆሙለት። ሴቶቹ ደግሞ ሎሬታን ተራ ገብተው አስታመሟት፤ እግሯን ያጠበች፣ ፀጉሯን የጎነጎነች፣ ሌሊት ያደረች ነበረች። ሎሬታ በአዲሱ ቤት አራት ወር ኖራ አረፈች።

በቀብሯ ዕለት ኦታ ተነሥቶ፣ «እጄ መሪ እስከያዘ ድረስ ከናንተ መካከል አቅም ያነሰው ሰው በእግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይመጣም» አለ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አልሞላም። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ሚኒባስ ነዳ። ቅዳሜ ያጥባል፣ እሑድ በየደጃፉ ይቆማል፣ በረዶ ሲሆን ወንበሩን ቀድሞ ያሞቃል፣ አሮጊቶቹን እንደ እንቁላል ደግፎ ያወጣል። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።

ከዚያ የዓይኑ ነገር መጣ። በሽታው ክፉ ነው፤ ጥግ ጥጉን ይተውልህና መሐሉን ይወስደዋል። የመንገዱን ዳር ነጭ መስመር ያያል፣ ስለዚህ ከመንገድ አይወጣም። ከፊት ለፊቱ የቆመውን ግን አያይም፤ አንገቱን ወደ ጎን የሚሰብረውም ለዚህ ነው። በነሐሴ ወር የከተማው ሐኪም «ከዛሬ ጀምሮ መኪና እንዳትነካ» አለው። ኦታ አመስግኖ ወጣና መኪናውን ነድቶ ወደ ቤቱ ገባ። ለማንም አልተናገረም።

ተሳፋሪዎቹ ግን ሐኪም አላስፈለጋቸውም። መጀመሪያ የነቁት እማማ ቨርኔል ናቸው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጋቢና የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው የጭልፊት ነው። አንድ እሑድ ዳይክስ እርሻ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ወንድም ኦታ ፍሬን ሊነካ አልቃጣውም። «ቁም» የሚለው ምልክት ቀይ ሆኖ ተገትሯል፤ በግራ በኩል ትራክተር ይመጣል። እማማ ምን ይበሉ? «ቁም» ማለት «ታውረሃል» ማለት ነው። ዲያቆን ነው፣ ሐዘንተኛ ነው፣ ደግሞም ሌላ ሹፌር የለም። እናም ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው፣

«ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ የቁም ምልክት ተመስገን!» ብለው ጮኹ።

ፍሬኑ ተያዘ። ትራክተሩ አለፈ።

«አሜን» አለ ወንድም ኦታ።

በሚቀጥለው እሑድ ሮስኮ ስለ ትራፊክ መብራቱ አመሰገነ። ሮስኮ ማለት ቀኝ እግሩን የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ የበላበት፣ ምላሱን ግን ማንም ያልነካበት ሰውዬ ነው። የቲልማን እህትማማቾችም ተከተሉ። «አባት ሆይ፣ በቀኝ በኩል ስላቆምከው ሰማያዊ መኪና!» ትላለች አንዷ። «በግራም ስላቆምከው!» ትላለች ሌላዋ። መንገድ የሚያቋርጥ ውሻ ሳይቀር ተመሰገነበት። ዝም ካሉ ደግሞ መንገዱ ነፃ ነው ማለት ነው። ማንም አልተማከረም፣ ማንም አልተዋዋለም፤ ሹፌሩን ጨምሮ ስድስቱም ግን ያውቁታል፣ ስድስቱም እንደማያውቅ ሰው ይሆናሉ።

ነገሩ እንዲህ መክፋቱ ሳያንስ፣ ፓስተር ዊግፎል አንድ ቀን የሚኒባሱ መስኮት ተከፍቶ ሲደርሱ ሰማቸው። መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «ከሚኒባሱ ሰዎች ተማሩ! በየመታጠፊያው ያመሰግናሉ!» አለ። እኛ አጨበጨብን። አምስቱ አንገታቸውን ደፉ። ትሕትና መስሎን ነበር እኮ!

ክሎቲል ብቻ አንድም ቀን አላመሰገነችም። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። በዳይክስ እርሻ ሃያ ስድስት ዓመት የጥጥ መልቀሚያ መኪና ነድታለች፤ እጇ እንደ ወንድ እጅ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ፊቷን ወደ መስኮት ታዞራለች። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እማማ ቨርኔልን ጥግ አስይዛ፣

«እማማ፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ይፈጀናል» አለቻቸው።

«ታዲያ ማን ይንገረው? አንቺ ትነግሪዋለሽ?»

ክሎቲል መሬት መሬት አየች። «የሎሬታን እግር ያጠብኩት እኔ ነኝ። እንዴት ብዬ ነው ባሏን ቤቱ ውስጥ ብቻውን የማስቀምጠው?»

«እንግዲያው ዝም በይ፣ ልጄ» አሏት።

በኅዳር የሚውለው የምስጋና ቀን ሐሙስ ደረሰ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ልማዱ ይኸው ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አምልኮ ይጀመራል፣ ሁሉም በየተራ ተነሥቶ የሚያመሰግንበትን ይመሰክራል፣ ያልመሰከረ ሰሃን አይነካም። ምግቡን ሁሉም ከቤቱ ያመጣል። የዚያን ቀን ጠዋት ከወንዙ የተነሣ ጉም ፔሪንን ዋጣት። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆኜ የራሳችንን የመኪና ማቆሚያ ማየት አቃተኝ።

ወንድም ኦታ የመጨረሻዋን ተሳፋሪ ክሎቲልን ሊወስድ ደጇ ላይ ቆመ። ክሎቲል ከበቆሎ ዳቦ የሚሠራውን፣ ከተርኪ ዶሮ ጋር የሚበላውን ማባያ በትልቅ ትሪ ይዛ ወጣች፤ ትሪው ገና ይጨሳል። በሩ ላይ ቆም አለች።

«ጉሙ እስኪገፍ ግማሽ ሰዓት ብንቆይስ?»

«እህት ክሎቲል፣ ይህን መንገድ ተኝቼ እነዳዋለሁ።»

«እሱን እኮ ነው የፈራሁት» አለችና ገባች።

ሮስኮ ሳቀ። ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ።

ከክሎቲል ቤት እስከ ገለዓድ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። እማማ ቨርኔል ወደ ፊት ተጠግተው አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። ነጭ ነው። ጥጥ ብቻ። የዳይክስ መስቀለኛ መንገድ ሲደርስ ሊያመሰግኑ አፋቸውን አዘጋጅተው ጠበቁ፤ ሚኒባሱ ጎርበጥ ብሎ ነጠረ። አስፋልቱ የሚጎረብጠው ደግሞ መስቀለኛው ላይ ነው። አልፈውታል። ሳይቆሙ አልፈውታል፤ ምልክቱን ያየ የለም።

እማማ ወደ ኋላ ዞረው ሮስኮን አዩት። ሮስኮ ትከሻውን ሰበቀ። የቲልማን እህትማማቾች እጅ ለእጅ ተያያዙ። ምን ይባላል? «አይታየንም» ቢሉት «እስከ ዛሬ ያየንልህ እኛ ነን» ማለት ሊሆን ነው። አምስቱም ዝም አሉ።

ወንድም ኦታም ዝምታውን ሰማ።

«ዛሬ መንገዱ ሁሉ የኛ ነው!» አለ ደስ ብሎት። «በዓል እኮ ነው!» ብሎ ነዳጅ ሰጠው።

ሮስኮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድም ኦታ፣ ትንሽ ቀስ ብትል… የእህቶች የስኳር ድንች ኬክ እንዳይገለበጥ ነው።»

«ኬክ እኔ ስነዳ ተገልብጦ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም! ኬክስ አያውቅም።»

«እማማ፣ ምን ያንቀጠቅጥዎታል? ብርድ ነው?» አለ ኦታ ደግሞ።

«ብርድ ነው፣ ልጄ» አሉ እማማ ቨርኔል። አሁን ሲናገሩት «ከሕይወቴ ውሸት ሁሉ የምጸጸትበት ይሄ ነው» ይላሉ። ወንድም ኦታ ማሞቂያውን ጨመረላቸው፣ መስኮቱን ዘጋላቸው። ማሞቂያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል።

ከኋላ የክሎቲል ትሪ እንፋሎቱን ለቆ መስታወቷን አደፈነው፤ ጭኗንም አቃጠላት። መስኮቷን አንድ ጣት ያህል ከፈተች። ቀዝቃዛ አየር ገባ። ከአየሩ ጋር ከግራ በኩል፣ ከሩቅ ይሁን ከቅርብ የማይለይ ድምፅ ገባ። ረዘም ያለ፣ ወፍራም ድምፅ። ክሎቲል ጆሮዋን ወደ ክፍተቱ አስጠጋች። እንደገና መጣ፤ ቀርቧል።

ከፊታቸው የሐዲዱ ማቋረጫ ነው። በር የለውም፣ መብራት የለውም፤ በመስቀል ቅርጽ የተጣመረ የእንጨት ምልክት ብቻ ነው ያለው። እማማ ቨርኔል ጉሙን ያያሉ። ኦታ ነጩን መስመር ይከተላል። ማንም አያመሰግንም።

«ኦታ! ቁም! ባቡር!»

ወንድም የለ፣ ዲያቆን የለ። ክሎቲል የጠራችው ባዶ ስሙን ነው። ኦታ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ቆመበት። ትሪው ከክሎቲል ጭን በርሮ የሮስኮ ጀርባ ላይ ተደፋ፤ ኬኮቹ ወለል ላይ ተንሸራተቱ፤ ሚኒባሱ ጎኑን ሰጥቶ ተንሸራተተና ቆመ። ወዲያው ከፊታቸው፣ እማማ ቨርኔል እጃቸውን ዘርግተው ሊነኩት በሚችሉበት ቅርበት፣ ጥቁር ነገር ጉሙን ቀዶ ገባ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሳቸው ተንቀጠቀጠ። የጭነት ባቡር ነው፤ ማለቂያ የለውም። ሮስኮ «መቶ አራት ፉርጎ ቆጠርኩ» ይላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንደነበር ግን እማማ ይመሰክራሉ።

ባቡሩ አለፈ። ሞተሩ ብቻ ይሰማል። ወንድም ኦታ እጁን ከመሪው አላነሣም።

«ምልክቱን አላያችሁትም?»

«ጉም ነው» አሉ እማማ። «ምንም አይታይም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? ዝም ስትሉ እኮ…» አለና ቃሉን ዋጠው።

«ዝም ስንል ምን?» አለች ክሎቲል ከኋላ። «ጨርሰው እንጂ።»

«ዝም ስትሉ ሰላም ነው ብዬ ነው የምነዳው።»

ይኸው ወጣ። ከፋሲካ ሰሞን ጀምሮ የታፈነ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ወጣ።

«አውቃችሁ ነው የተሳፈራችሁት?» አለ ኦታ፤ ድምፁ አሁን ቁጣ ገባበት። «እማማ፣ እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ? አውቀው?»

«አንተስ አውቀህ አይደል ያሳፈርከን?» አሉ እማማ ቨርኔል። «በኔ ላይ አትጩህ፣ ልጄ። ሁላችንም አንድ ኃጢአት ውስጥ ነን።»

«እኔ አንዱን እግሬን ለፋብሪካ ሰጥቻለሁ» አለ ሮስኮ ከጀርባው ማባያ እየጠረገ። «ይቺኛዋን ለማንም የመስጠት ሐሳብ የለኝም። ለቤተ ክርስቲያንም ቢሆን።»

ማንም አልሳቀም።

ክሎቲል ተነሥታ በወንበሮቹ መካከል እየተደገፈች ወደ ፊት መጣች። «ተነሥ ከዚያ ወንበር።»

«አልነሣም።»

«ኦታ፣ ተነሥ ብዬሃለሁ።»

«ክሎቲል፣ እኔ ሌላ ምን አለኝ?» አለ። «ቤት ሠራችሁልኝ። ሎሬታን አስታመማችሁልኝ፣ ቀበራችሁልኝ። እኔ መዘመር አልችልም፣ መስበክ አልችልም። ያለኝ ይሄ መሪ ነው። ከዚህ ከተነሣሁ ምኔን ይዤ ነው እናንተ መካከል የምቀመጠው?» በሕይወቱ እንዲህ ብዙ ተናግሮ አያውቅም ይላሉ።

«ቤቱን ስንሠራልህ ሹፌር እየቀጠርን መሰለህ እንዴ?» አለችው ክሎቲል።

የኦታ እጅ ከመሪው አልተነሣም። ያን ጊዜ ከኋላ ሁለት መብራት ጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ከቲልማን እህትማማቾች አንዷ ጮኸች። አንድ ፒክአፕ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ጎማው እያፏጨ፣ በጎናቸው ሽው ብሎ ሐዲዱን ዘለለ። ሚኒባሱ መንገድ መሐል ተጋድሞ ነው የቆመው። የሚቀጥለው ላያልፋቸው ይችላል።

ወንድም ኦታ በሩን ከፍቶ ወረደ። ሚኒባሱን በእጁ እየዳበሰ፣ መብራቱን፣ አፍንጫውን፣ መስታወቱን እየነካ ዞሮ ወደ ተሳፋሪዎቹ በር መጣ። በዳበሳ ሲሄድ ያዩት ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ። ሮስኮ ቦታ ለቀቀለት። ማባያው ላይ ተቀመጠ፤ አላወቀም፣ የነገረውም የለም።

ክሎቲል ባሏ ከሞተ ወዲህ መሪ አልጨበጠችም። መንጃ ፈቃዷን ለመታወቂያ ብቻ ነበር የምታሳድሰው። መብራቱን ሁሉ አበራች፣ መስኮቶቹን ሁሉ አስከፈተች፣ «ሁላችሁም ጆሯችሁን አውጡ» አለች። የጥጥ መልቀሚያ በምትነዳበት ፍጥነት ሐዲዱን ተሻገረች። የቀረው ስድስት ኪሎ ሜትር ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። «በእንጨት እግሬ ልውረድና ልቅደማችሁ?» ብሏል ሮስኮ፤ ያኔ ግን ከእህትማማቾቹ አንዷ ሳቋ አምልጧታል።

እኛ በበኩላችን ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ነበርን። ኦታ ፒንክስተን አረፈደ ማለት ሞተ ማለት ነው። የእማማ ቨርኔል ልጅ ጁዋኒታ ከመዘምራኑ መካከል ወጥታ ደጅ ቆማ ነበር፤ ወንዶቹ ሊፈልጓቸው መኪና አስነሥተዋል። ሚኒባሱ ከጉሙ ውስጥ እየዳኸ ሲወጣና ክሎቲል ከሹፌሩ ወንበር ስትወርድ ማንም ምንም አልጠየቀም። ተደግፈው ገቡ።

ምስክርነቱ ተጀመረ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ ልጅ፣ ስለ ለውዙ ምርት ተመሰገነ። የወንድም ኦታ ተራ ደረሰ። ተነሣ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ሁልጊዜም የሚያበቃው በዚህ ነው። አምስቱ አልጎመጎሙም፣ አላሳሉም። ምርጫው የሱ ነው።

«ማየት አልችልም» አለ። «ሐኪም መኪና እንዳልነካ ከነገረኝ አራተኛ ወሩ ነው። ደብቄያችኋለሁ። ዛሬ አምስቱን ሰዎች ባቡር ፊት ወሰድኳቸው። ያዳነቻቸው ክሎቲል ናት።» ተቀመጠ።

ከመዘምራኑ ወንበር ጁዋኒታ ተነሣች። «እናቴን?» አለች። «እናቴን ይዘህ?» የመዘምራን ቀሚሷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችና ወጣች፤ በሩ ከኋላዋ ጮኸ።

እማማ ቨርኔል ቀስ ብለው ቆሙ። «እኔም አውቅ ነበር። በሱ ላይ የምትቆጡ ከሆነ እኔንም ጨምሩኝ።» ሮስኮ ቆመ። እህትማማቾቹ ቆሙ። ክሎቲል የመጨረሻዋ ሆና ቆመች፤ «ከሁሉም በፊት መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች። ፓስተር ዊግፎል መነጽሩን አወለቀ፤ «እኔም ከዚህ መድረክ አመስግኜበታለሁ» አለ።

ወደ ምግቡ ስንዞር ኦታ የለም። በኋላ በር ወጥቶ የመንገዱን ሣር ሣር እየረገጠ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለት መኪና ቆመለት፤ በሁለቱም አልተሳፈረም። ሰሃን ተሸፍኖ ተላከለት። ሰሃኑን ተቀበለ፣ የመጣውን ሰው ግን አላስገባም።

በሚቀጥለው እሑድ ክሎቲል ሚኒባሱን ይዛ ደጁ ቆመች። በሩ አልተከፈተም። በሁለተኛውም አልተከፈተም። ፓስተሩ ሄደ፣ ዲያቆናቱ ሄዱ፤ «ደኅና ነኝ» ይላል ከውስጥ። ቤት የሠራንለትን ሰው ቤቱ ውስጥ ልናጣው ነው ብለን ፈራን።

በሦስተኛው እሑድ እማማ ቨርኔል የጋቢናውን በር ራሳቸው ከፈቱ። ደረጃው አምስት ነው፤ በረዶ ይዞታል። ክሎቲል ልትደግፋቸው ስትወርድ በእጃቸው ከለከሏት። አንዱን ደረጃ ወጡ፤ ቆሙ። ሁለተኛውን ወጡ፤ ብረቱን ይዘው ተነፈሱ። ሦስተኛው ላይ እግራቸው ከዳቸውና በጉልበታቸው ተቀመጡ። በሩ ተከፈተ።

«እማማ! ምን ነክቶዎት ነው? ወድቀው ሊሞቱ ነው እንዴ?»

«አንተ ካልወረድክ እኔ ልወጣ ነዋ» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ። «ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ነዳጅ ይፈጃል። ና።»

«አልተላጨሁም።»

«ተላጭ። እዚሁ እጠብቅሃለሁ።»

«በዚህ ብርድ?»

«በዚህ ብርድ።»

በዳበሳ ተላጨ። አገጩ ላይ ሁለት ቦታ ደምቶ ወጣ፤ ግን ክራቫቱ ቀጥ ያለ ነበር። እማማን አቅፎ ደረጃውን አወረዳቸው፤ ማን ማንን እንደደገፈ የሚለይ አልነበረም። ክሎቲል በሩን ዘጋችላቸው።

ገለዓድ ሲደርሱ ሁለተኛው መዝሙር እየተዘመረ ነበር። ቤቱ ሞልቷል። ዲያቆናቱ የሚቀመጡበት የፊት ወንበር ባዶ ቢሆንም ኦታ ወደዚያ አልሄደም፤ ከኋላ በር አጠገብ ቆሞ ግድግዳውን ተደገፈ። ከመጨረሻው ረድፍ ጥግ ጁዋኒታ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ከመዘምራኑ ጋር አልተቀመጠችም። ቀና ብላ አላየችውም። መዝሙሩ አልቆ ሌላ እስኪጀመር ድረስ ቆየች። ከዚያ ከጎኗ ያለውን የእጅ ቦርሳዋን አነሣችና ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ወንበሩን በእጇ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች፤ እንዲሰማው።

ሰማ። ወንበሩን እየዳበሰ ሄዶ ተቀመጠ።